ብቻዋን የበቀለችው

የቤተ ሙከራ ረዳት ሆና የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ነበር፤ ጥፋቷም ከዚያው ቀን ጀመረ። ቤተ ሙከራውን ላጽዳ ብላ ከማሞቂያው ሣጥን ያወጣቻቸውን የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህኖች ወደ ብርሃን ብታነሣቸው ምንም አልበቀለባቸውም። ጠራርጋ ጣለቻቸው። ወዲያው ጫማው ጭቃ የጠገበ ረጅም ሰውዬ እየሮጠ ገባ።

«ሳህኖቼ የት አሉ?!»

«ባዶ ነበሩ እኮ...»

«ባዶ አይደሉም፤ ቀርፋፋ ናቸው! የአፈር ባክቴሪያ ሁሉ እንደ ሊጥ ባንድ ሌሊት ኩፍ አይልም።»

ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሲያይ ግን ደነገጠ። «በቃ... አብረን እንደገና እንጀምራለን።»

ከአፈር ስለማይለይ ባልደረቦቹ «አፈሩ» ይሉታል። እሷም እንደነሱ ጠራችው፤ ኋላ ግን ስሙ አፏ ላይ ይጣፍጣት ጀመር። አብረው አፈር ነፉ፣ አብረው ጠበቁ። አብሮ መጠበቅ ደግሞ ክፉኛ ያፋቅራል።

ከወራት በኋላ ሳህኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ አዩ። ማንም የማያውቃት ባክቴሪያ ነበረች! ችግሩ፣ ከጎኗ ሌላ ባክቴሪያ ከሌለ አትበቅልም። ደንቡ ደግሞ ደንብ ነው፤ ብቻዋን ካልበቀለች ወገኗ ተለይቶ አይመዘገብም፣ ስምም አይወጣላትም።

«ስሟን ባወጣሁ ማግስት እናትሽን አነጋግራለሁ» አላት።

«እስከዚያስ?»

«መጠበቅ ለእኛ ብርቅ ነው እንዴ?»

ሣቀች። ጉድ ያደረጋት ያ ሣቅ ነው፤ እሱ እሺታ መሰለው።

ዓመት ዓመትን ተካ። እናቷ ታመው አልጋ ያዙ።

«ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማ።»

«ከነዚያ ትሎቹ ጋር ሊጋባ ነው እንዴ?» ሣቁ፤ ሣቁ ወደ ሳል ተቀየረ። «ሰው አላት ብዬ ዓይኔን ብከድን ነው የምፈልገው፣ ልጄ።»

በማግስቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ለመነችው። «እሁድ ብቻ ና። የእናቴን እጅ ጨብጠህ ተመለስ።»

«እሁድ ባክቴሪያዎቹን ወደ አዲስ ሳህን የማዛውርበት ቀን ነው። ካለፈኝ ይሞቱብኛል። የሚቀጥለው እሁድ እመጣለሁ፣ ሙች!»

እናትየው የሚቀጥለውን እሁድ አላዩም።

ለቅሶ ላይ መጥቶ ከሁሉ በላይ አለቀሰ። እሷ ምንም አላለችውም። ያም ዝምታ ይቅርታ መሰለው።

አንድ ጠዋት ሳህን ይዞ እየበረረ መጣ። «በቀለች! ብቻዋን በቀለች! ያንቺን ስም ነው የማወጣላት። ዛሬውኑ ታላቅ እህትሽን አነጋግራለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው!»

ሳህኑን ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሣችው። ልቧ ታመመ፤ አሁንም ትወደው ነበር።

«እንዴት አስለመድካት?»

«ጎረቤቷን አወጣሁና ጎረቤቷ የኖረችበትን ፈሳሽ ብቻ ሰጠኋት። ከዚያ እሱንም በየጊዜው እየቀነስኩ... መጀመሪያ ልትሞትብኝ ነበር። በኋላ ለመደች።»

«እኔንም እንደዚያ ነው ያደረግከኝ» አለችው። «ለመድኩ።»

ሳህኑን መለሰችለት። «እናቴን ነው የምታነጋግርልኝ ያልከው፤ እህቴን አይደለም» ብላ ነጩን ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለችው።

«እጠብቅሻለሁ! መጠበቅ አውቃለሁ!»

«ታውቃለህ። የእኛ ሳህን ግን ቀርፋፋ አይደለም፤ ባዶ ነው።»

እያለቀሰች ወጣች፤ አልተመለሰችም። ባክቴሪያዋ ዛሬ በስሟ ትጠራለች። እሱም በየጠዋቱ ማሞቂያውን ከፍቶ በዚያ ስም «እንዴት አደርሽ?» ይላታል።