ያልሳቀችው ሳቅ

የአስቂኙ ተከታታይ ድራማ፣ የሲትኮሙ ዘበኛ «ማ-ማ-ማ» እያለ ቃሉ አልወጣለት ሲል፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ተመልካቾች በሳቅ አውካኩ። ከሁካታው መሃል አንድ ሳቅ ለብቻው ጎልቶ ተሰማ። ትንፋሽ ስቦ የሚፈነዳ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚቀጥን ሳቅ ነው። ሶፋው ላይ ከታላቅ ወንድሟ አጠገብ እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠችው ልጅ ክው አለች። ጓደኞቿ «ፉጨት» የሚሏት በዚሁ ሳቅ የተነሳ ነው።

ሲናገር እንደ ዘበኛው የሚንተባተበው ወንድሟ ዞር ብሎ አያት። «ያ-ያንቺ ነው።»

«አይደለም።»

«ባለፈው ሳምንት ቀረጻው ላይ አልነበርሽም?»

ነበረች። የጓደኛዋ የሚጢጢ አክስት የሲትኮሙ ኤዲተር ናት። ሁለቱንም ስቱዲዮ አስገብታ ከተመልካቾቹ ጋር አስቀምጣቸው ነበር። ፉጨት ያን ቀን እንባዋ እስኪወርድ የሳቀችው ግን ምግብ አብሳዩ በራሱ ላይ በር ቆልፎ ሲቀር ነው። ዘበኛው ሲንተባተብ እንኳን እሷ፣ ዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ጭጭ ብሎ ነበር።

«እማዬን፣ እዚህ ጋ አልሳቅኩም» አለችው።

«ምን ቸገረኝ» ብሎ ተነሳ።

እሱ ምን ቸገረኝ ካለ ነገሩ አንጀቱ ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ሲትኮም ማየት ያስተማራት እሱ ነው። የቱ ቀልድ እንደተለፋበት፣ የቱ ደግሞ በጩኸትና ሳያንኳኳ ዘው በሚል ጎረቤት እንደተሞላ መለየት የቻለችው ከሱ ጋር ስትከራከር ነው። «የዘንድሮዎቹ ሲትኮሞች ተዋናዩን ለአፍታ እንኳ ዝም ማሰኘት ይፈራሉ» ይላት ነበር። በየሳምንቱ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የምታቀርበውን የኮሜዲ አስተያየት ከማንም በፊት የምታነብለትም ለሱ ነው።

«ነገ በሚኒ ሚዲያ እናገራለሁ» አለችው።

በሩ ላይ ቆመ። እሱም እዚያው ትምህርት ቤት የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነው። «እኔን ወሬ እንዳታደርጊኝ። አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ ግ-ግቢው ሙሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።»

በማግስቱ እረፍት ሊደወል ሲል ሁለቱ ጓደኛሞች ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ክፍሉ ከዕቃ ቤቱ ተቀንሶ የተሰራ ነው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፎበታል። ሚጢጢ ከድምፅ ማቀላቀያው ሚክሰር ኋላ ተቀምጣ ገመድ ትሰካለች።

«አክስቴን ጠየቅኳት» አለች ቀና ሳትል። «ሰው ካልሳቀ ከሌላ ቦታ ሳቅ አምጥታ ታስገባለች። ሁሉም እንደዛ ነው የሚሰራው አለችኝ። ያንቺን ደግሞ ወዳዋለች። እሱ ሲሰማ ቤቱ የተቀመጠውም ሰው አብሮ ይስቃል ብላ።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«አታካብጂው አቦ። ሳቅሽ እንጂ ኩላሊትሽ አልተወሰደ። ይልቅ ያ አስተያየት ተዘጋጅቷል አይደል?»

ተዘጋጅቷል። ፉጨት ከቀረጻው እንደተመለሰች ነበር የጻፈችው፤ «ከዘንድሮዎቹ ሲትኮሞች ሁሉ የሚያስቀው» ይላል። ጣቢያው ሲትኮሙ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን በዚህ ሳምንት ይወስናል። የታዳጊዎች አስተያየት ሚዛን ይደፋል ስለተባለ ሚጢጢ ለአክስቷ ልትልክላት ቃል ገብታለች።

«ወንድሜ አጠገቤ ነበር» አለች ፉጨት።

የሚጢጢ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። «ሰማው?»

«ከኔ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው።»

«ውይ።» ገመዱን ሰክታ ጨረሰች። «ግን እኮ አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ሲትኮሙ ከቆመ ስራ የላትም። ከዛ ጓደኛሽ ናት ያስቆመችብኝ ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

 አክስትየዋ ክፉ አለመሆኗን ፉጨትም ታውቃለች። የምግብ አብሳዩም ነገር አሁን ስታስበው ራሱ ሳቋን ያመጣዋል። ሲትኮሙ አይረባም ብትል ያም ውሸት ነው። የጻፈችውን ብታነብ ደግሞ ያንን ሳቅ ዳግመኛ፣ ያውም በገዛ አፏ፣ መሳቅ ይሆንባታል።

ደወሉ ተደወለ። ግቢው በጫጫታ ተሞላ። ሚጢጢ «እባክሽ» በሚል ዓይን አየቻትና ማይኩን ከፈተችው።

«ስለ ትናንትናው ክፍል ነው የማወራው» ብላ ጀመረች ፉጨት፤ ድምፅዋ ከድምፅ ማጉያው ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰላት። «ምግብ አብሳዩ በር ቆልፎ ሲቀር ስቄያለሁ። አሪፍ ተሰርቷል፤ ይቀጥሉበት። ዘበኛው ላይ ስስቅ ሰምታችሁኛል። እዚያ ጋ ግን አልሳቅኩም። ያ ሳቅ ከምግብ አብሳዩ ላይ ተወስዶ የገባ ነው።»

የሚጢጢ ጣት ማጥፊያው ላይ ነበር። አልተጫነችውም።

«ያልሳቅኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ዘበኛው የሆነ ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር። ምን እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አልነገሩንም። ደራሲው አፉን አስከፈተው እንጂ የሚናገረውን አልጻፈለትም። እኔ የፈለግኩት ዓረፍተ ነገሩን መስማት ነበር።»

ውጭ ያለው ጫጫታ ቀዝቀዝ አለ። መስኮቱ በስተቀኟ ነው፤ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት ደረጃ ከዚያ ይታያል። ዞር ብላ የወንድሟን ፊት ማየት ፈለገች። ግን እኔን ወሬ እንዳታደርጊኝ ያላትን አስታውሳ፣ ዓይኗን ማይኩ ላይ ተክላ ወደሚቀጥለው ሲትኮም አለፈች።