የግራው ረድፍ

መርማሪዋ አመሻሹ ላይ ስትደርስ አሮጊቷ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ነበሩ። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው አልወለቀም። ሳንባቸው ከደከመ ወዲህ ያለ ማሽኑ መተንፈስ አይችሉም ነበር፤ ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ፣ ማሽኑ ቆመ፣ እሳቸውም በዚያው አሸለቡ። ይህ ብቻ ቢሆን ባላስገረመ፤ ግን ራስጌያቸው ካለው ኮመዲኖ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ቁጭ ብሏል። ባትሪውም ጤነኛ ነው። ታዲያ ምን ነካው?

«ምን ይነካዋል! እሷ ናት!» አለች ሴት ልጃቸው ወደ አስታማሚዋ እየጠቆመች። ከሌላ ከተማ መኪናዋን እየነዳች የመጣችው፣ ፖሊስ የጠራችውም እሷ ናት። «ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ የእማዬን ሶኬት ነቅላ ነው። ይኸው ቻርጀሯ እዚሁ ተሰክቷል! እናቴን ገደለችብኝ!»

አስታማሚዋ በሩ ሥር ቆማለች። አጠገቧ ያለው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቷል።

«ቀስ በሉ» አለች መርማሪዋ። ይቺን ቃል ከማዘውተሯ የተነሳ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ቀስበሉ» ይሏታል። ስትበሳጭ ታይታ አታውቅም፤ እንዲያውም እናቷ ያወጡላት ስም ይህን ያህል አይገልጣትም።

አስታማሚዋን ወደ ኩሽና ወሰደቻትና ወንበር ሰጠቻት።

«ስልክሽን ሰክተሻል፣ እህቴ?»

«ሰክቻለሁ፤ አልዋሽም። ዳር ካለችው ባዶ ቀዳዳ ላይ። የማሽኑን ነክቼ ከሆነ ግን እጄ ይቆረጥ!»

«መብራት ሲጠፋ የት ነበርሽ?»

«ጓሮ፣ ልብስ ሳጥብ። ጠዋት እጃቸውን ቫዝሊን ቀባኋቸው፤ ከሴት ልጃቸው ጋር በስልክ እየተያዩ ሲያወሩ ትቻቸው ወጣሁ። ምሳ ሳበላቸው እንዴት ደስ ብሏቸው ነበር! ከዚያ መብራቱ ሲጠፋ ሲጮህ ሰማሁ።»

«ምኑ?»

«ሳጥኑ፣ ኮመዲኖው ላይ ያለው። ጢጥ ጢጥ ይላል። ‹እሱ ከጮኸ እየሠራ ነው፣ አትስጊ› ብለውኛል። እሱን አምኜ ማጠቤን ቀጠልኩ።» እንባዋ ቀደማት። «ምነው ባላመንኩት!»

ታናሽየው ወንድ ልጅ ሹፌር ነው። እናቱን ሞተው ያገኛቸው እሱ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አንዴም አልተቀመጠም።

«ስጠራት ዝም አለችኝ። ነካኋት፣ ቀዝቅዛለች። እዚያው ቆሜ ለእታለም ደወልኩላት።»

«በምን ደወልክ?»

«በዋይፋይ ነዋ። ካርድ አልነበረኝም።»

«ቀስ በል። መብራት ጠፍቶ አልነበረም እንዴ?»

«ጠፍቶ ነበር» አለና መልሶ ስልኩን አየ። በዚህ ቤት መብራት ከጠፋ ዋይፋይም አብሮ ይጠፋል።

መርማሪዋ ተመልሳ ኮመዲኖው ዘንድ ተንበረከከችና ዩፒኤሱን አዙራ በስልኳ መብራት አየችው። ቀዳዳዎቹ በሁለት ረድፍ ናቸው። ከግራው ረድፍ በላይ፣ መነጽር ለሌለው ሰው የማይታይ ጽሑፍ አለ፤ አነበበችው። የቀኙንም አነበበች። ከዚያ የዋይፋዩን ወፍራም ሶኬት ነካች፤ ቀጥሎ የማሽኑን። ጣቶቿን አሸተተች። ቫዝሊን ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከሳሎን የልጅቷ ለቅሶ ይሰማል፣ ከኩሽና የአስታማሚዋ። አንዷን ለማዳን ሌላዋን መግደል ሊሆንባት ነው። ምነው ይህን ሥራ ባልያዝኩ፣ አለች በሆዷ። ግን ንጹሕ ሰው ታስሮ እያየች ዝም አትልም።

ሁሉንም መኝታ ቤት ሰበሰበቻቸው። አሮጊቷን አንሶላ አልብሰዋቸዋል። «ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ» ብላ፣ መብራቱ ከተመለሰ ወዲህ ተዘግቶ የቆየውን ማሽን አስነሳች፤ አየሩ እንደ ልማዱ እፍፍ ማለት ጀመረ።

«አሁን ዋናውን መብራት ከቆጣሪው አጥፋው» አለችው ወንድ ልጁን።

ቤቱ ጨለመ። ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ አለ። ማሽኑ ጸጥ አለ። በጨለማው ውስጥ የዋይፋዩ አረንጓዴ መብራቶች ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

«ያያችሁት ዛሬ ቀን የሆነውን ነው» አለች። «ሳጥኑ አልተበላሸም። ባትሪው የሚደርሰው ለግራው ረድፍ ብቻ ነው፤ የቀኙ ኃይል ሲበዛ ዕቃ እንዳይቃጠል ይከላከላል እንጂ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ማሽኑ ያለው በቀኙ ነው። በፊት በግራ ነበር፤ ያለዚያ እስከ ዛሬ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዴት ይሠራ ነበር? በእሱ ቦታ የገባው ዋይፋዩ ነው። ሶኬቱ ወፍራም ስለሆነ የሁለት ቀዳዳ ቦታ ይይዛል፤ እሱን ለማስገባት የማሽኑ መነሳት ነበረበት።»

«ለስልኳ ብላ እኮ ነው!» አለች ልጅቷ።

«ስልክ ለመሰካት ባዶ ቀዳዳ ነበራት። ደግሞ ሁለቱም ሶኬቶች ላይ ቫዝሊን አለ። እሷ ከቀባቻቸው በኋላ እጇ ሳሙና ውስጥ ዋለ። ቫዝሊን የተቀባው የእናትሽ እጅ ነው።»

«እማዬ? እማዬ ስለ ዋይፋይ ምን ታውቃለች?»

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ስታወሩ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አዎ፣ ተቋረጠ። ሁሌም ይቋረጣል። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እናደዳለሁ። ለዚህ እኮ ነው ዛሬ ጠዋት...»

ጢጥ ጢጥ ይላል ሳጥኑ።

«ዋይፋዩን እሳጥኑ ላይ ሰኪው አልኳት» አለች በስተመጨረሻ። «አልገባ አላት። የማሽኑን ወደ ጎን አዛውሪው፣ ቀዳዳው ሁሉም ያው ነው አልኳት። በስልኩ እያየሁ፣ ‹ጎበዝ እማዬ፣ ጎበዝ› እያልኳት... እኔ ነኝ! እኔው ነኝ!»

ፖሊሱ ካቴናውን ኪሱ ከተተ። ልጅቷ ከአስታማሚዋ እግር ሥር ወደቀች። አስታማሚዋ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሳቻት።

«ምሳ ላይ እየሳቁ ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ?» አለቻት። «‹ከእንግዲህ ልጄ አትቆረጥብኝም› አሉኝ።»

ወንድ ልጁ ዋናውን መብራት መለሰው። ማሽኑ በራሱ ተነሳና ከአንሶላው ሥር አየር ይነፋ ጀመር፤ አንሶላው በአፍንጫቸው በኩል ከፍ ዝቅ አለ።

«አጥፉት» አለች ልጅቷ።

ማንም አልደፈረም። ኋላ አስታማሚዋ ሄዳ አጠፋችው።