የጥጉ አልጋ ታካሚ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

አታምኑም? እንደፈለጋችሁ። እኔም ሰው ቢያወራልኝ አላምንም ነበር።

ደግሞ እኩለ ሌሊት፣ ዝናብ፣ የውሻ ጩኸት ምናምን የምትጠብቁ ካላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ይሄ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው... ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አንድ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰው ምሳውን በሚበላበት ሰዓት።

ሥራዬ የኮምፒውተር ሲስተም መቀየር ነው። አሮጌውን እዘጋለሁ፤ ሰዉን ወደ አዲሱ አሻግራለሁ። ኮምፒውተሩ ቀላል ነው። መከራው ሰው ነው።

ሲስተሙ ሲንቀራፈፍ ዕድሜ ልካቸውን ሲረግሙት የኖሩ ሰዎች፣ ሊዘጋ ነው ስትላቸው የአባታቸውን ቤት ያፈረስክባቸው ይመስል ያኮርፋሉ። በሽተኛውን «ሲስተም የለም» ብለው እየመለሱ ሻይ መጠጣት ለምደዋላ።

አሠለጠንኳቸው። አሳየኋቸው። እጃቸውን ይዤ አስነካኋቸው። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆኑብኝ። አንዱ ሐኪም፣ ፀጉሩ እስኪሸብት የተማረ ሰው፣ የአዲሱ ሲስተም ሰማያዊ ቀለም ራስ ምታት እንደሚያመጣበት በቁም ነገር ነገረኝ። አለቃችን ደግሞ አንድም ቀን ሳይከፍተው «ታላቁ ሽግግር» የሚል ጨርቅ አሳትሞ በር ላይ ሰቀለ።

ብቻ እንደምንም ተሻገሩ። የቀረው የውስጥ ደዌ ክፍል ነበር።

የክፍሉን ኃላፊ ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል። ጡረታቸው የደረሰ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሳሠለጥን ከኋላ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያልገባቸው መስሎኝ ነበር።

አሮጌውን ልዘጋ ስሞክር እምቢ አለኝ።

አንድ ታካሚ ገና አልጋ ላይ ነው አለ።

የጥጉ አልጋ። ስም... እንግዳ። ዕድሜ... ባዶ። የገባበት ቀን... ሲስተሙ ሥራ የጀመረበት ቀን።

ቀና ብዬ ጥጉን አየሁት። አልጋው አለ። መጋረጃው ተገልጧል። ሰው ግን የለበትም።

«ይሄ ማነው ሲስተር?» አልኳቸው።

«የኛ ዘዴ ነው» አሉ። «አስተዳደሩ ባዶ አልጋ ካየ ይወስድብናል። ድንገተኛ በሽተኛ ሲመጣ ማስተኛ እንዳናጣ ብለን... እንግዳ ብለን መዘገብነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። የሌለ ሰው አስተኝተው ይኖራሉ። ውሸቱ እንዳይነቃባቸው ደግሞ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ይሞላሉ። አንሶላ ይቀይሩለታል። እስቲ አሁን ይሄ የትልቅ ሰው ሥራ ነው?

ግን... ራስጌው ያለው ኮመዲኖ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። ግማሹ ተጠጥቷል።

«ድንገተኛ ሲመጣ እዚህ ነው የምታስተኙት?»

«አናስተኛም።»

«ለዚህ አይደል እንዴ የመዘገባችሁት?»

«አንድ ጊዜ አንዱን አስተኝተን ነበር።»

«እና?»

ሲስተር ጥጉን በጎን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰው አለበት... ሰው አለበት እያለ ሲጮህ አደረ። ጠዋት መሬት ላይ አገኘነው።»

ትኩሳት የያዘው ሰው ቢቃዥ ምን ይገርማል? እነዚህ ናቸው እንግዲህ የሰው ነፍስ የሚያድኑት።

«ዝም ብለህ አሻግረው» አሉኝ። «ከኛ ጋር። አልጋውን አትንሳው።»

«እውነተኛ ስምና ዕድሜ የሌለውን አዲሱ ሲስተም አይቀበልም። እኔ ነኝ እንደዛ አድርጌ የሠራሁት።»

«እንግዲያው አትንካው ልጄ።»

ልጄ ሲሉኝ ባሰብኝ። የነርስ ተረት ሰምቼ ሥራዬን ላቁም?

አሮጌው ሲስተም መሰረዝ አያውቅም። እዚያ ውስጥ ሰው ከአልጋ የሚወርደው ወይ ሞቶ ነው ወይ ድኖ። «ድኗል» የሚለውን መረጥኩ። ወዴት ነው የሚሄደው ብሎ ጠየቀኝ። የሚቀበለውን ሰው ስምና አድራሻ ካልሞላህ አያሳልፍም።

እኛ የኮምፒውተር ሰዎች አንድ ልማድ አለን። እንዲህ ያለ ለይስሙላ የሚሞላ ነገር ሲመጣ አእምሯችን ላይ የመጣውን መትተን እናልፋለን።

የራሴን ስም መታሁ። የራሴን ቤት አድራሻ መታሁ።

ተጫንኩት።

ጥግ ላይ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ አለ። ቀስ ብሎ... ሰው ከተኛበት ሲነሳ እንደሚለው።

እኔ ምንም አላየሁም። ነርሶቹ ግን ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ ተነሥተው ግድግዳውን ተጠጉ። ሲስተር ወንበራቸውን ከመተላለፊያው ሳብ አደረጉ። ሁሉም ከጥጉ እስከ በሩ ድረስ አንድ ነገር በዓይናቸው ሸኙ።



ቲያትር ነው አልኩ በልቤ። አሮጌውን ዘጋሁት። መጠባበቂያ ቅጂውንም አጠፋሁት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። ሰው መመለሻ ካገኘ ይመለሳል።

ኮምፒውተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ሳልከት ስልኬ ጠራ።

እማዬ ናት።

እማዬ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትኖረው እኔ ጋ ነው። ሰው ካልደገፋት ከአልጋ አትወርድም። ስወጣ ቆልፌ ነው የምወጣው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ... በዚህ ዓለም ላይ የማልንቀው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሌለች ማንም የለኝም።

«ልጄ...» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንግዳ ልከሃል እንዴ?»

«የምን እንግዳ?»

«አንድ ሰውዬ መጥቷል... አንተ ቤት ነው የተላክሁት ይላል።»

«በሩን ማን ከፈተለት?»

«እኔ እንጃ። ቀና ስል ቆሟል።»

ቤቴ ከሆስፒታሉ ሁለት ታክሲ ነው። ነርሶቹ ደግሞ ምሳቸውን ገና አልጨረሱም።

«ምን ይፈልጋል?»

«ምንም አይልም... ባዶ እግሩን ነው። አልጋዬን ያያል።»



«እማዬ፣ ውጣ በይው። ልጄ እየመጣ ነው በይው።»

ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ ከበፊቱ ይልቅ ቀስ ብላ...

«ልጄ... ጠጋ በይልኝ እያለኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ብጠራት ብጠራት መልስ የለም። ስልኩ ግን አልተዘጋም።

«ሲስተር፣ መልሱት» አልኩ። «ወደ ቦታው መልሱት።»

«ወዴት?» አሉ ሲስተር። «ቦታውን አጠፋኸው እኮ።»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እንግዳውን መልሼ ልመዘግበው አዲሱን ሲስተም ከፈትኩ። ስም ጠየቀኝ። የመጣልኝን ስም ሰጠሁት። ዕድሜ ጠየቀኝ። ዋሸሁ። የጥጉን አልጋ መረጥኩ።

ይህ አልጋ ተይዟል... አለኝ።

ደገምኩት።

ተይዟል።

«ይሄን የሠራው ደንቆሮ ማነው?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ነርሶቹ አዩኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ቀና ስል የጥጉ አልጋ መጋረጃ ተዘግቷል። ከነርሶቹ ከቦታው የተንቀሳቀሰ የለም።

ሄድኩ። መጋረጃውን ገለጥኩት።

እማዬ ተኝታለች።

በጎኗ ተጋድማ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ አጠገቧ ለሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቃ...

«እማዬ» አልኳት። ትተነፍሳለች። ዓይኗን ግን አልገለጠችም። እጇን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

ሲስተር ከኋላዬ መጡ። አልደነገጡም። ምንም አልጠየቁኝም። የእማዬን ክንድ ቀስ አድርገው አነሡና ብብቷ ሥር ቴርሞሜትር አስገቡላት።

ስልኩ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው።

ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ረዘም አድርጎ ተነፈሰ፣ የደከመው ሰው ጋደም ሲል እንደሚተነፍሰው። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው፣ በወፍራም የወንድ ድምፅ...

«ልጄ» አለኝ። «ስትመጣ በሩን ቀስ አድርገህ ክፈት። እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው።»