በመርማሪው ሰሌዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ

ዌንደል ባስኮም ማሪሴላ ኦቾዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት በእጇ መዶሻ ይዛ ነበር። ቺካጎ ውስጥ፣ ፒልሰን ሰፈር፣ ከአባቷ የወረሰችው የጫማ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ገብቶ፣ «እንዴት ዋልሽ» እንኳ ሳይል ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ወለሉን ፎቶ ማንሳት ጀምሯል። የሥራ ልማዱ ነው። ለወንጀል ፊልሞች መቅረጫ ቦታ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ያነሳል፣ ኋላ ይጠይቃል።

«ቤቱን ልትገዛው ነው ወይስ ልታፈርሰው?» አለችው።

«ፊልም ልንሠራበት ነው።»

«ሰው የሚሞትበት?»

«ሦስት ብቻ።»

ላለመሳቅ ታገለች፤ ግን አመለጣት። ዌንደልም እዚያው አለቀለት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ «እኔን ሴት አትይዘኝም» እያለ ሲፎክር የኖረ ሰው፣ ማስቲሽ በነካው ሽርጥ ተያዘ።

ሱቁን ለመፍቀድ ግን የማሪሴላ እሺታ ብቻ አይበቃም ነበር። እናቷ እማማ ኮንሱዌሎ አሉ። ባለቤታቸው ዩሴቢዮ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አርባ ዓመት የሰፈሩን ጫማ ሲጠግኑ ኖረው፣ ሰው ሳያስቀይሙ ያለፉ ሰው ናቸው። ፎቷቸው ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል። ፊታቸው ኮስተር ያለ ነው። ክፉ ሆነው አይደለም፤ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ስለነበር ፎቶ ሲነሱ አፋቸውን ግጥም አድርገው ስለሚዘጉ ነው።

እማማ ኮንሱዌሎ ዌንደልን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ባለቤቴ ክፉ ስም ሳይወጣለት ነው የሞተው። እንዳታስነካብኝ» አሉት።

«በእኔ ይጣሉት እማማ» አለ ዌንደል አፉን ሞልቶ።

በሱቁ ውስጥ ለአራት ቀን ተቀረጸ። ዌንደል ግን ከአራቱ ቀን በኋላም መመላለሱን አልተወም። መጀመሪያ የራሱን ጫማ አስጠገነ፣ ከዚያ የወንድሙን፣ በመጨረሻም ምንም ያልሆነ ጫማ ይዞ መጣ። ማሪሴላ ሶሉን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ይህ ጫማ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ባለቤቱ ነው» አለችው። በሳምንቱ እሁድ ምሳ እናቷ ቤት ተጋበዘ።

ጥፋቱ የተሠራው ያን ዕለት ጠዋት ነው። በፊልም ሥራ ካሜራ ፊት የሚታይ ማንኛውም ፎቶ የባለቤቱ ወይም የቤተሰቡ ፊርማ ያስፈልገዋል። በሱቁ ውስጥ ለተነሳው ሁሉ ፊርማውን ማምጣት ደግሞ የዌንደል ሥራ ነው። እሱ ያነሳቸው ፎቶዎች ለሠራተኛው ሁሉ ይላካሉ፤ የፊልሙን ክፍሎች የሚያስጌጡት ሰዎች ከዚያ ውስጥ ያን ኮስታራ ሽማግሌ አይተው ወደዱት። የሚፈልጓቸውን አርባ ዕቃዎች ዘርዝረው «ፈቃድ አለው ወይ?» ብለው ላኩለት። እሱ በአንድ እጁ ሸሚዝ እየተኮሰ፣ ልቡ እማማ ኮንሱዌሎ ቤት ደርሶ፣ ዝርዝሩን ሳያነብ ከላይ እስከ ታች «ተፈቅዷል» ብሎ ፈርሞ መለሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በመጋቢት፣ የፖሊስ ጣቢያ ተብሎ ወደተሠራው ክፍል ገባ። መርማሪው ተጠርጣሪዎችን የሚሰቅልበት ሰሌዳ ላይ፣ በቀይ ክር ተከብበው፣ የማሪሴላ አባት ተሰቅለዋል። ከሥራቸው «አራጁ» ይላል።

ትዕይንቱ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀርጾ አልቋል። አሁን ቢናገር ሁሉም እንደገና ሊቀረጽ ነው። «ሳይፈቀድ ተፈቅዷል ብሎ የፈረመ» የተባለ ሰውም በዚህ ሙያ ዳግመኛ እንጀራ አይበላም። «ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው የሚታየው፤ ማን ልብ ይለዋል» ብሎ ራሱን አታለለና የሆዱን በሆዱ ይዞ ወጣ። ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ይባላል። ዌንደል ግን አደረቀው።

በየእሁዱ እማማ ኮንሱዌሎ ቤት ይበላል። ፖዞሌ ከሚሉት የበቆሎ ወጥ ሥጋ ሥጋውን እየመረጡ ለእሱ ያወጡለታል። «ልጄ» ማለት ጀምረዋል። ማሪሴላ በነሐሴ ቀለበት አሰረችለት፤ ለመጪው ሰኔ ሊጋቡ ተቀጣጠሩ። እያንዳንዱ ደስታ ሲጨመርለት ሃፍረቱም አብሮ ይጨመርበታል። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ሲሄዱ ቆም አለ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር...»

«ንገረኛ።»

«በጣም እወድሻለሁ» አለ።

«እሱንማ አውቃለሁ» ብላ ክንዱን ያዘችው። ያን ቀን ዌንደል ራሱን ጠላ።

በታኅሣሥ፣ ፊልሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ኩባንያው የሰፈሩን ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጋበዘ። እሁድ ከቀትር በኋላ ነበር። እማማ ኮንሱዌሎ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። ሱቁ ሲታይ ሰዉ አጨበጨበ። ዌንደል ከኋላቸው ተቀምጦ፣ የሰሌዳው ትዕይንት ቶሎ እንዲያልፍ ይጸልያል።

አላለፈም። መርማሪው ወደ ሰሌዳው ተጠጋ፤ ካሜራውም አብሮት ተጠጋ። ዩሴቢዮ ኦቾዋ ግድግዳውን ሞሉት።

«የኔ ዩሴቢዮ!» አሉ እማማ ኮንሱዌሎ በደስታ፣ እጃቸውን ወደ ፎቶው ዘርግተው። ይህን ሁሉ ጊዜ የናፈቁትን ሰው ድንገት ያገኙ ነው የመሰላቸው።

መርማሪውም፣ «ይኸው ነው። አሥራ አንድ ሴቶችን አርዷል» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ዝም አሰኘው። የተዘረጋው እጅ ጥቂት ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ። ዌንደል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የእማማ ኮንሱዌሎ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ እያየ ከወንበሩ መነሳት እንኳ አቃተው።

ማሪሴላ እናቷን ቤት አድርሳ ተመለሰች። የአዳራሹ ደረጃ ላይ፣ በረዶ ውስጥ፣ ቆሞ አገኘችው።

«ታውቅ ነበር?»

ውሸቱ አፉ ላይ ነበር። «ክፍሉን ያስጌጡት ሰዎች ስህተት ነው» ቢል ግማሹ እውነት ነው። ያ ግማሽ ሊያድነው ይችል ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ከመቼ?»

«ከመጋቢት። ዝርዝሩን ሳላነብ ፈቃድ አለ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

በጣቷ ቆጠረች። «ዘጠኝ ወር... ዘጠኝ ወር ሙሉ እናቴ ልጄ እያለች ስታበላህ፣ አንተ እያወቅህ ጎረስክ።»

«ማሪሴላ...»

«ሳታነብ መፈረምህን ይቅር ልል እችላለሁ። ሰው ይሳሳታል። መጉረስህን ግን...» አልጨረሰችም። ጓንቷን አወለቀች፣ ቀለበቱን አወጣች፣ መዳፉ ላይ አስቀመጠች፣ ሄደች።

ዌንደል በማግስቱ ጠዋት ኩባንያው ቢሮ ገባ። ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ፤ ፈቃድ እንዳልነበረ፣ አለ ብሎ የፈረመው እሱ እንደሆነ፣ አውቆም ዝም እንዳለ። የኩባንያው ጠበቃ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ፎቶው ላይ ያለውን ፊት በኮምፒዩተር መቀየር ይቻላል አሉ፤ ጊዜ ግን የለም፤ ዛሬውኑ ፈቃዱ የሚገኝ ሌላ ፊት ያስፈልጋል።

«የእኔን ውሰዱ» አለ ዌንደል።

ዳይሬክተሯ ቀና ብላ አየችው። «ይህ ፊልም በየአገሩ ነው የሚታየው። ገዳይ ሆነህ ነው የምትቀረው።»

«ገብቶኛል።»

ሽርጥ አስታጥቀው፣ ግድግዳ አስደግፈው አነሱት። ሽበት ጨመሩለት፣ ጉንጩን አጎደጎዱት። ወረቀቱን በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዱን ቃል አንብቦ ፈረመ። ከዚያ ከሥራ አሰናበቱት፤ ወሬውም ቀድሞት ስለሄደ ሌላ የፊልም ሥራ አላገኘም። የቤት ዕቃ የሚያመላልስ መኪና መንዳት ጀመረ። ለእማማ ኮንሱዌሎ የጻፈው ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰለት። ለማሪሴላ አልጻፈላትም፤ በምን አፉ?

ፊልሙ ወጣ፣ ሰውም በሰልፍ አየው። ዌንደል ሶፋ ተሸክሞ አንድ ቤት ሲገባ የቤቱ እመቤት ትኩር ብላ አይታው በሩን ሳትዘጋ ቆመች። የሥራ ባልደረቦቹ «አራጁ፣ ቢላዋህን አስቀምጥና ቁምሳጥኑን ያዝ» ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ ብቻውን ሲሆን ግን አይስቅም። ዩሴቢዮ መልስ መስጠት ከማይችሉበት መቃብር ሆነው ይህን ስም ተሸክመው ቢሆን ኖሮ እያለ ያስባል።

በየካቲት መጨረሻ፣ መኪናው ላይ ዕቃ ሲጭን፣ ማሪሴላ መጣች። ከስታለች።

«የአባቴ ፎቶ ተነሥቷል ሲሉን እናቴ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ስላለች ሲኒማ ቤት ወሰድኳት» አለች። «የአባቴ ፎቶ ይመጣል ብላ እጄን ጨምቃ ይዛ ነበር። አንተ መጣህ።»

ዌንደል አንገቱን ደፋ። «ሌላ ፊት አልነበረም።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ይቅርታ መግዣ እንዳይመስል።»

ማሪሴላ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ተቆጥቼሃለሁ አሁንም። ከቁጣው ሥር ያለው ግን አልሄደልኝም... ብዙ ሞከርኩ።»

«እናትሽን ቀና ብዬ ማየት አልችልም፣ ማሪሴላ።»

«ቀና በል ያለህ የለም። እሁድ ምሳ ላይ ና። እፍረትህንም ይዘኸው ና።»

ሄደ። እማማ ኮንሱዌሎ በሩን ከፍተው ብዙ ቆመው አዩት። ዌንደል እንደ ልጅ አለቀሰ፤ «አይቼ ዝም አልኩ እማማ፣ ፈራሁ» አላቸው። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም። ምግቡ ይቀዘቅዛል ብለው አስገቡት። ያን እሁድና ቀጥሎ ባሉት እሁዶች ብዙም አላነጋገሩትም፤ ወንበሩን ግን አላነሱበትም።

በሰኔ ተጋቡ። በሠርጉ ማግስት እማማ ኮንሱዌሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የዌንደልን ክንድ ራሳቸው ያዙ፤ በሰፈሩ ዋና ጎዳና፣ በአሥራ ስምንተኛው መንገድ፣ መሐል መሐሉን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቀስ ብለው ይዘውት ሄዱ። ከዳቦ ቤቱ በር አንዲት ሴት ጎረቤቷን ጎሸም አድርጋ፣ «ያ ፊልሙ ላይ ያለው ገዳይ አይደለም እንዴ?» አለች።

ዌንደል አንገቱን ሰበረ። እማማ ኮንሱዌሎ ግን ቆሙ፣ ክንዱንም አልለቀቁም።

«ነው» አሉ። «አማቼ ነው።»