አራተኛው ሩቅ-ወንበር

አውቶቡሱ ያለ ሾፌር የደሴን ዳገት ተያይዞታል። ውስጡ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት፣ አንድ ትልቅ ኬክ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠብ የውሸት ኮከብና ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ አለ። ከኋላ በተደረደሩት አራት ሩቅ-ወንበሮች ላይ አራት እንግዶች ተቀምጠዋል። ሩቅ-ወንበር መምጣት ያልቻለ ዘመድ ካለበት ሆኖ በብርሃን ምስሉ የሚቀመጥበት ነው፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ያወራል፣ ኬክ ብቻ አይበላም። ሕፃናቱ በእንግዶቹ ውስጥ እየሾለኩ ሲሯሯጡ የሚገረም የለም። የሚቆጣ ካለ የባለልደቷ አያት እማ ከድጃ ብቻ ናቸው፤ ከወልድያ ሆነው፣ "አንተ ልጅ፣ በሆዴ ውስጥ አትለፍ ብዬሃለሁ!" ይላሉ።

ሰዓዳ ዛሬ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ይመር ከሩቅ-ወንበሮቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ፈገግ ብሏል። ፈገግታውን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነው የለበሰው፤ ከዚያ ወዲህ አላወለቀውም።

በአራተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ዘሃራ ናት። ዘሃራ ከምድር በላይ በሚዞር የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ብየዳ ትሠራ ነበር። ባለፈው ሳምንት የሥራ ልብሷ ተቀዶ ሞተች፤ አስከሬኗ ገና አልወረደም። ይህን የሚያውቁት ይመርና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። መርዶ ደግሞ እንደ ሸቀጥ በደረሰበት ሰዓት አይራገፍም፤ ወግ አለው። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና፣ "ልጅቷ ልደቷን ታክብር። ነገ ጎህ ሲቀድ ለእሷም ለአያቷም ይነገራል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው" አሉት።

ስለዚህ እዚያ ተቀምጣ የምትስቀው ወኪለ-ገጽ ናት፤ ማሽን ከዘሃራ የቆዩ ቪዲዮዎችና የስልክ ወሬዎች የሠራት ምስል። እንድትናገር የሚያደርጋት ይመር ነው። ሰው ዘሃራን ባዋራት ቁጥር፣ መዳፉ ውስጥ በያዛት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ሦስት መልሶች ይወጣሉ። አንዱን በአውራ ጣቱ ሲነካው ምስሏ ትናገረዋለች።

"እማዬ፣ ቀሚሴን አየሽው?" አለች ሰዓዳ እየተሽከረከረች።

ሦስት መልሶች ወጡ። ይመር የመሀሉን ነካ።

"አየሁት እንጂ! ቀሚሱን ያሳመርሽው አንቺ ነሽ" አለች ዘሃራ።

ድምፁ የራሷ ነው። ይመር ምንም አልተሰማውም። መጀመሪያ ቀን ሲሰማው ማሽኑን አጥፍቶት ነበር፤ አሁን ግን ውስጡ ጥርስ ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ሆኗል፤ መኖሩን ያውቃል እንጂ አይሰማውም። እንዲያውም ድንዛዜውን ወዶታል። ልጁ አንዲት የልደት ቀን ሳትበላሽባት እንድታልፍ፣ ከእሱ የሚፈለገው እስከ ማታ ፊቱን መጠበቅ ብቻ ነው።

የጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ሲደርሱ አውቶቡሱ በዚያ ቀዝቃዛ ድምፁ ተናገረ። "ናዳ መንገዱን ዘግቶታል። በዋሻው እንሄዳለን።"

ሕፃናቱ "ዋሻ! ዋሻ!" እያሉ አውቶቡሱን አናወጡት። ይመር ጉዳዬም አላለው። ዋሻው ውስጥ ኔትወርክ የሚያስተላልፈው መሣሪያ በዚያው ናዳ መሰበሩን በምን ይወቅ?

ጨለማው እንደዋጣቸው እማ ከድጃ የጀመሩትን እልልታ ሳይጨርሱ ጠፉ። ጅቡቲ ያለው የሰዓዳ አጎትም ጠፋ። ወደ ጅማ የተዛወረችው የክፍል ጓደኛዋም እጇን እንዳነሳች ጠፋች።

ዘሃራ ግን አልጠፋችም። እሷን የሚያሠራት ማሽን ያለው እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ነበር።

ሰዓዳ ባዶዎቹን ሦስት ወንበሮች አየች። ከዚያ እናቷን አየች።

"እማዬ፣ ሁሉም ተቋረጡ እኮ" አለች። "ከሁሉም የምትርቂው አንቺ ነሽ። አንቺ እንዴት አልተቋረጥሽም?"

ይመር መዳፉን አየ። "የኔ ኔትወርክ ጎበዝ ነው" ይላል አንዱ። "ለአንቺ ስል ነዋ" ይላል ሁለተኛው። "ከአንቺ ማን ይለየኛል?" ይላል ሦስተኛው። አውራ ጣቱ ከሰሌዳው በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ዘሃራ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች።

ሰዓዳ ከእናቷ ፈገግታ ወደ አባቷ ፈገግታ፣ ከዚያም ወደ መዳፉ ተመለከተች። መጥታ አጠገቡ ቆመችና ሰሌዳውን አነበበች። የዘመኑ ልጆች እንዲህ ባለው ነገር አይሞኙም። የታሪክ መምህራቸው ጋሽ ሙሔ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እስከ ዛሬም በወኪለ-ገጽ የሚያስተምሩት ግን እሳቸው ናቸው።

"አባዬ" አለች በሹክሹክታ፤ "እማዬም እንደ ጋሽ ሙሔ ሆናለች?"

ይመር ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ግን አዎ ለማለት አንገቱን ደፋ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እሱን ያስፈራውም ይህ ነው። "አያቴ ታውቃለች?" አለች።

"አያውቁም። ነገ ጠዋት ነበር የሚነገራችሁ።"

አውቶቡሱ ከዋሻው ወጣ። ሦስቱ እንግዶች በየወንበራቸው ብቅ አሉ። እማ ከድጃ ዓይናቸውን እያሻሹ፣ "ምን ዋጣችሁ እናንተ!" አሉ፤ ቀጥለውም ወደ ጎን ዞረው፣ "ዘሃራ ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ? አመመሽ እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

ሦስት መልሶች ወጡ። የይመር ጣት አልታዘዝ አለው።

ሰዓዳ ሰሌዳውን ከመዳፉ ወሰደች። የቤት ሥራዋን እንደምትሠራ ሁሉ ሦስቱንም አንድ በአንድ አነበበችና የመጨረሻውን ነካች።

"ደህና ነኝ እማ። ሳያችሁ ጊዜ ደስታ ቃል አሳጥቶኝ ነው" አለች ዘሃራ።

"አላህ አያሳጣኝ!" አሉ እማ ከድጃ፤ እልልታቸውንም አቀለጡት። ሕፃናቱ መዝሙሩን ጀመሩ። ሰዓዳ ሰሌዳውን በቀሚሷ እጥፋት ሸሽጋ ወደ አያቷ ዞረችና ሳቀች። ይመር ያንን ሳቅ ያውቀዋል። እሱ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመደው የሰነበተው ነው፤ ለእሷ አንድ ዋሻ በቃት። ማሽን ሰውን ሲመስል ማየት በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። ይመር ግን ልጁ ለምትወዳቸው አያቷ ስትል ማሽኗን ስትመስል አየ፤ ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ካስተማራትም እሱ ራሱ ነው።

ያን ጊዜ ድንዛዜው ለቀቀው። ከነፈገግታው እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ሰዓዳ ሳቋን ሳታቋርጥ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"አባዬ፣ ፊትህን ጥረግ" አለችው። "አያቴ ታይሃለች።"