የመቆጠሪያው ሜዳ

ከአፋምቦ እንደወጡ ንፋሱ አሸዋ ይዞ መጣባቸው። ሰማኸኝ ፊቱን በፎጣ ጠቅልሎ ግመሏን ተከተለ። ሰመራ ላይ ታሪክ ያስተምራል። የጥንት ነገሥታት ሰዎች ከብት ቆጥረው ግብር ይጥሉበት ነበር የሚባለውን ሜዳ ለማየት ስንት ዘመን ተመኝቶ፣ የወጣው ግን ዕረፍቱ ሊያልቅ ሲል ነው። መንገድ መሪው ሱሩር ያለችው ይህቺ ግመል ብቻ ናት፤ የልጆቹ ወተትም የቤቱ ጭነትም በእሷ ነው።

ቀትር ላይ ከአዋሽ ወንዝ በኩል አንድ እረኛ መጣ። በአፋር ደንብ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። ሱሩር ሊቀመጥ ሲል ሰማኸኝ ሰዓቱን አየ።

«ጋሽ ሱሩር፣ ስንመለስ ትጫወታላችሁ። ይመሽብናል።»

ሱሩር ይዞት የመጣውን መምህር ማስቀየም አልፈለገም፤ በእጁ ብቻ ሰላም ብሎ አለፈ። እረኛው ከኋላቸው የጮኸውን ንፋሱ ወሰደው።

አዋሽ ዳር ሲደርሱ መልካው የድሮው መልካ አልነበረም። ደራሽ ውሃ አልፎበት ታቹ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ግመሏ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ሁለቱም ገመዱን ይዘው ጎተቱ፤ የሰማኸኝ መዳፍ ተላጠ። በዚህ መሀል ከሸምበቆው ሥር አዞ ተስቦ ወጣ። ሱሩር ውሃውን በዱላው እየደበደበ ቢጮህም አዞው ግመሏን ያዘ።

«ልቀቅ መምህር! አንተንም ይወስድሃል!»

ሰማኸኝ አልለቅም አለ። በመጨረሻ ከወገቡ ጩቤውን፣ ጊሌውን፣ መዝዞ ገመዱን የቆረጠው ሱሩር ራሱ ነው፤ ግመሏን ውሃው ዋጣት።

ማዶ ወጥተው ዳሩ ላይ ተዘረሩ።

«እረኛው ይህንን ሊነግረን ነበር» አለ ሰማኸኝ።

ሱሩር በእጁ የቀረውን ገመድ ጠቅልሎ ተነሳ። ተቆጥቶ ቢሰድበው ለሰማኸኝ በተሻለው ነበር። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው እያለ፣ ጸጸቱ አንገቱን አስደፍቶት ቀሪውን መንገድ ተጓዘ።

ሜዳው ላይ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከፊታቸው ትልቅ የድንጋይ ክምር ነበር። ሱሩር ከአባቶቹ የሰማውን ነገረው፤ ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ሰው ሁሉ በከብቱ ልክ ድንጋይ ይጥላል፣ ከብት የሞተበት ደግሞ መጥቶ ድንጋዩን ያነሳል፣ ካላነሳ ለሞተውም ይገብራል። ሰማኸኝ ከተመኘው ነገር ፊት ቆሞ ካሜራውን እንኳ ከቦርሳው አላወጣም።

ሱሩር ጎንበስ ብሎ ከክምሩ አንዲት ድንጋይ አነሳና አርቆ ወረወራት።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም ግብር አይጠይቀኝም» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ሰማኸኝ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።