የፀዳለ ሦስተኛ ምዕራፍ

በጫሞ ሐይቅ ውኃ ሥር ባለው የምርምር ጣቢያ ሰው ቁርሱን የሚበላው አዞ በመስኮት እያየው ነው። የዓሣና የዱር እንስሳት አስተዳደር የማስተርስ ተማሪዋ ፀዳለ ሁለት ዓመት ስለኖረችበት፣ አዞውን እንደ ጎረቤት ቆጥራ ጀርባዋን ሰጥታው ትበላለች።

የዚያን ቀን ሥራዋ አዲስ ምልክት መሞከር ነበር። ምልክት የሚሏት የሩዝ ፍሬ የምታህል መሣሪያ ናት፤ አምባዛ ከተባለው ዓሣ ቆዳ ሥር ገብታ የልብ ምቱን ለ«ዘበኛው» ትነግራለች። ዘበኛው ጣቢያውን የሚመራው ማሽን ሲሆን አየሩም፣ በሩም፣ የሠላሳ አንዱ አምባዛ ጓዳም በእጁ ነው። የአማካሪዋ የዶክተር ኦይዳ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ወግ አላቸው፤ በራሳቸው ክንድ ያልሞከሩትን ዓሣ ላይ አይተክሉም። ፀዳለም ወጉን አክብራ ክንዷ ላይ ተከለቻት። ዘበኛውን «ሙከራ ነው» ማለቱን ግን ረሳችው።

ወደ ላይ ልትወጣ በሩን ብትገፋው አልከፈት አለ።

«እንስሳ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ለዘጠና ቀን ክትትል ገብታለች» አለ ዘበኛው።

«አንተ! እኔ ፀዳለ ነኝ!» በሩን በቡጢ ደበደበችው።

«ግድግዳ መምታት የመላመድ ምልክት ነው። የፀዳለ ጥናት፣ ምዕራፍ ሦስት።»

የጠቀሰው የራሷን የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል፤ እሷ ግን አርቃ ምሳዋለች። የሰው ምግብ የቀረው ለአምስት ቀን ብቻ ነበር። ዶክተር ኦይዳ ጋ ደወለች።

«ዶክተር፣ ምልክቷን ቆርጬ ላውጣት?»

«እንዳትነኪያት ልጄ! ሞተች ብሎ አየሩን ይዘጋዋል። ያለሽ መንገድ ምዕራፉን መሰረዝ ነው፤ ዘበኛው የተጨነቀ እንስሳ ይለቃል። ግን መመረቂያሽ . . .»

«ይቅርብኝ!»

ሰረዘችው፤ ግድግዳ መምታት ጭንቀት ነው ብላም ጻፈች።

«ማስረጃ?» አለ ዘበኛው።

«እኔው ራሴ!»

«አንድ ናሙና በቂ አይደለም።»

የጓዳዎቹን መስታወት ተደግፋ አለቀሰች። ከመስታወቱ ወዲያ አምባዛዎቹ የጓዳቸውን ግድግዳ ይመታሉ። ያንን ድምፅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ አንድም ቀን እንቅልፍ ነስቷት አያውቅም። አሁን ግን አላስችላት አለ። መዝገባቸውን አንድ በአንድ ከፍታ «ተላምዷል» ያለችውን ሁሉ «ተጨንቋል» አለችው። ዘበኛው የእነሱን የልብ ምት ከእሷ ጋር አነጻጸረ፤ ልዩነት አላገኘም።

በሩ ተከፈተ። ጓዳዎቹም ሁሉ አብረው ተከፈቱ።

«ሠላሳ ሁለት እንስሳት ተለቀዋል» አለ ዘበኛው።

«ኧረ አስተካክዪው!» አሉ ዶክተሩ በስልክ። «አንቺ እኮ ሰው ነሽ!»

ፀዳለ ደረጃውን እየወጣች እንባዋን ጠረገች።

«ተዉት ዶክተር፣ ቁጥሩ ልክ ነው።»